ተጨማሪ መረጃ፦ ተከራይ ሲያከራይ

ተማሪዎች፣ የቤት አቅርቦት ከፍላጎት ሲያንስ ያለው ቤት እንዴት እንደሚሸነሸን ለማየት አዲስ አበባን እንውሰድ። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩ ያኔ ተቀንሶ ለረጅም ዓመታት ብዙም ስላልጨመረ፣ ለቀበሌ ጥቂት ብር የሚከፍል ነባር ተከራይ አንዷን ክፍል ለሌላ ሰው በገበያ ዋጋ ማከራየት ጀመረ። ይህ የተከራይ አከራይነት ነው፤ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የቃል ብቻ ነው። ከአከራዩ ቤተሰብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠግቶ የሚኖር ሰው ደግሞ ደባል ይባላል። ደባል ማታ የሚገባበት ሰዓት፣ የሚያበራው አምፖል፣ የሚቀዳው ጄሪካን ውኃ ሳይቀር የሚወሰነው በአከራዩ ፈቃድ ነው።

መርካቶ ገበያ አካባቢ ሽንሸናው ወደ ላይም ይሄዳል። ከቆርቆሮው ሥር በአጣና እና በጣውላ ቆጥ ይሠራል፤ ዕቃ ሲሸከም የዋለ ወጣት በመሰላል ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ይተኛል። የሚከፍለው በአዳር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ቢያንስ 2 ዓመት እንዲጸና ያዛል፤ ለአንድ ሌሊት የሚከፍል ሰው ግን ምን ውል ያስመዘግባል?

ሞክሩ፦ በሰፈራችሁ የአንድ ሰፊ ቤትና የአንዲት ጠባብ ክፍል ወርሃዊ ኪራይና ስፋት ጠይቁ። ኪራዩን በካሬ ሜትር ለተለካው ስፋት አካፍሉ። በካሬ ሜትር የሚወደደው የትኛው ነው? መብራትና ውኃ መካተቱንም መጠየቅ አትርሱ።