መጠባበቂያው ነዳጅ ምን ያህል ያስኬዳል?



አንድ ክረምት ከመካከላችን አንዱ የክትባት መድኃኒት የያዘውን የበረዶ ሣጥን በባለ አራት ጎማው ሞተር ላይ አስሮ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ወደሚገኝ አንድ ሩቅ ቀበሌ ጉዞ ጀመረ። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከጧቱ በ4 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲጠብቁ ተነግሯቸው ነበር። መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተንገጫግጮ ጠፋ። ባልደረባችንም ነዳጁ ማለቁን ዐውቆ ወደ መጠባበቂያው ለማዞር እጁን ወደ መክፈቻው ሰደደ። መክፈቻው ግን አስቀድሞ በመጠባበቂያው ላይ ነበረ። ከሦስት ሳምንት በፊት አዙሮት፣ ነዳጅ ሲሞላ መመለሱን ዘንግቶ ኖሯል።

ሣጥኑን ተሸክሞ በእግሩ ሲደርስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። በረዶው ገና አልቀለጠም፤ መድኃኒቱም አልተበላሸም። ነገር ግን ከእናቶቹ ብዙዎቹ የሚሻገሩት ወንዝ እንዳይሞላባቸው ፈርተው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ልጆቻቸውም ቀጣዩን የክትባት ቀን አንድ ወር ሙሉ መጠበቅ ነበረባቸው። ሞተሩ አልተሰበረም፤ በከተማው ማደያም ነዳጅ አልጠፋም ነበር። የጎደለን ስለ መጠባበቂያ ነዳጅ ማወቅ የሚገባን ጥቂት ነገር ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ፣ መጠባበቂያው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስኬድና እንዴት እንደሚለካ ለመግለጽ እንሞክራለን።

መጠባበቂያው የት አለ?

ብዙ ሰው መጠባበቂያው በሌላ ትንሽ ታንክ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት የነዳጅ ታንክ አንድ ብቻ ነው፤ መውጫዎቹ ግን ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ከታንኩ ወለል ከፍ ብላ የቆመች ቀጭን ቱቦ ስትሆን፣ ሁለተኛው መውጫ ከወለሉ አጠገብ ነው። መክፈቻው «ኦን» በሚለው ላይ ሲሆን ነዳጁ በረጅሟ ቱቦ በኩል ወደ ካርቡራቶሩ ይወርዳል። የነዳጁ ከፍታ ከቱቦዋ አፍ ዝቅ ሲል መውረዱ ይቆማል፤ ሞተሩም ይንገጫገጫል። መክፈቻው ወደ «ሪዘርቭ» ሲዞር የታችኛው መውጫ ይከፈትና የቀረው ይወርዳል።

ስለዚህ መጠባበቂያ ማለት ተጨማሪ ነዳጅ ሳይሆን የመጨረሻው ነዳጅ ነው ማለት ነው። መክፈቻው ሁልጊዜ በ«ሪዘርቭ» ላይ ከተተወ፣ ሞተሩ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ድረስ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሄድና በድንገት ይቆማል። በባልደረባችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ከዚህ ሌላ፣ የጠላ ጋን ታቹ አተላ እንደሚይዝ ሁሉ የነዳጅ ታንክም ታቹ ውኃና ዝገት ይይዛል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳልና። ለወራት ያልተነካ መጠባበቂያ፣ በሚያስፈልግበት ቀን በነዳጅ ፈንታ ውኃና ቆሻሻ ወደ ካርቡራቶሩ ሊልክ ይችላል። በመሆኑም በወር አንድ ጊዜ፣ ከጣቢያው ብዙ ሳይርቁ፣ ሞተሩን በመጠባበቂያው ጥቂት መንዳት መውጫው ንጹሕ መሆኑን ያሳያል።

ካርቡራቶር የሌላቸውና በኢንጀክሽን የሚሠሩት አዳዲስ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ይህን መክፈቻ አልያዙም። በእነርሱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ወይም ነዳጅ የሚያመለክት ቆጣሪ አለ። በታንኩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በነዳጁ ስለሆነ፣ ታንኩን እስከ መጨረሻው ማድረቅ ፓምፑን ይጎዳል። መብራቱ ሲበራ መጠባበቂያ እንደተከፈተ ቆጥሮ መጠንቀቅ ይገባል።

ርቀቱን የሚወስኑት ነገሮች

በአብዛኞቹ ባለ ካርቡራቶር ሞተር ሳይክሎችና ባለ አራት ጎማ ሞተሮች መጠባበቂያው ከ1 ሊትር ተኩል እስከ 3 ሊትር ይደርሳል። ትክክለኛው መጠን ከሞተሩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ይሁን እንጂ ሊትሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ሊትር ነዳጅ በአንዱ ቀን ሩቅ ያደርሳል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ግማሹን እንኳ አያደርስም። ይኸውም ስለሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ መንገዱ ነው። በዋልካ ጭቃ ወይም በአሸዋ ላይ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ብዙ ይዞራል፤ የሚሄደው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ጎማው ነው። የባለ አራት ጎማው ሞተር ጎማ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ የተሠራው ጭቃና አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ ነው። የቤት መኪና ጎማ ግፊት ወደ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ሲሆን፣ የዚህኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 በታች ነው። ጥቅሙ የታወቀ ቢሆንም፣ በደረቅ መንገድ ላይ እየተለጠጠ ስለሚጎተት ነዳጅ ይበላል። ሞተሩ ራሱም ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ የቀላል ሞተር ሳይክል ነጂ ያገኘውን ርቀት ከባለ አራት ጎማው መጠበቅ ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፣ የቦታው ከፍታ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ካርቡራቶር ይህን ለይቶ ስለማያውቅ፣ ለሳሳው አየር የሚበዛ ነዳጅ ይሰጣል። የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ነዳጁም በከንቱ ይወጣል። በደጋ የሚሠራ ሞተር ካርቡራቶሩ በመካኒክ ለከፍታው ቢስተካከል ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በአቧራ የታፈነ የአየር ማጣሪያም ይህንኑ ጉዳት ያባብሳል።

አራተኛ፣ የቦታው ዳገትነት ነው። በቀጥ ያለ ዳገት ላይ የቀረው ትንሽ ነዳጅ ወደ ታንኩ ኋላ ይሸሻል። መውጫው ከፊት ከሆነ፣ ነዳጅ እያለ ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ፍሬን ይዞ በጥንቃቄ ወደ ሜዳ መመለስ እንጂ ደጋግሞ ለማስነሣት መታገል አይጠቅምም።

እንዴት እንለካው?

ይህ ሁሉ ቢሆንም የራሳችንን ሞተር መጠባበቂያ መለካት አስቸጋሪ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቁም። ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደው ቱቦ ይነቀልና ጫፉ በንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ይግባ። መክፈቻው በ«ኦን» ላይ ሆኖ ነዳጁ መውረዱን እስኪያቆም ይቆይ። ከዚያ ሌላ ባዶ መያዣ ተቀይሮ መክፈቻው ወደ «ሪዘርቭ» ይዙር። አሁን የሚወርደው መጠባበቂያው ነው፤ በሊትር ይለካ። (አንዳንድ መክፈቻዎች ሞተሩ ካልዞረ ነዳጅ አያወርዱም፤ ለእነዚህ መካኒክ ቢረዳ ይሻላል።)

ቀጥሎ የሞተሩን የነዳጅ ፍጆታ ማወቅ ያስፈልጋል። ታንኩ ይሞላና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፍ። የተለመደው የሥራ መንገድ ተሄዶ ሲመለሱ እንደገና ይሞላ። የተሄደው ኪሎ ሜትር ለተጨመረው ሊትር ሲካፈል፣ አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ይገኛል። ይህ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት መደረግ አለበት።

ለምሳሌ ያህል መጠባበቂያው 2 ሊትር ሆኖ ተገኘ እንበል። በደህናው የጠጠር መንገድ አንድ ሊትር 14 ኪሎ ሜትር ካስኬደ፣ መጠባበቂያው 28 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። በክረምት ጭቃ አንድ ሊትር 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ካስኬደ፣ ያው 2 ሊትር 18 ኪሎ ሜትር ሆነ። በጭቃው ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የምንጓዝ ከሆነ፣ 18 ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሌለው ወይም የተበላሸበት ሞተር ላይ በሰዓት መቁጠር ይመረጣል።

ነገር ግን በዚህ ቁጥር ሁሉ ላይ መተማመን አይገባም። ጎርፍ መንገዱን ሊቆርጠውና ዞረን እንድንሄድ ሊያስገድደን ይችላል። ስለዚህ እኛ ከተገኘው ርቀት ሲሶውን እንቀንሳለን። ከላይ ባለው ምሳሌ 18 የነበረው 12 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ተኩል የነበረው አንድ ሰዓት ይሆናል። በሞተሩ ላይ ለጥፈን የምንሄደው ይህን የተቀነሰውን ቁጥር ነው።

መጠባበቂያው ከተከፈተ በኋላ

መክፈቻውን ካዞርን በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሰዓትንና ኪሎ ሜትርን ማየት ነው። ሁለተኛው ወደፊት መሄድ ይሻላል ወይስ መመለስ የሚለውን መወሰን ነው፤ «ደርሼ አስብበታለሁ» ማለት አይገባም። ከዚያ በኋላ ነዳጅ መስጫውን ቀስ አድርጎ በመያዝ በተረጋጋ ፍጥነት መጓዝ ይበጃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ መንሸራተት ግን ከባድ አደጋ ነው። ሞተሩ በማርሽ የሚሰጠውን መያዣ ያሳጣናል፤ ፍሬኑም ብቻውን ሲሠራ ይግላል።

መጠባበቂያውም ካለቀ፣ በሞተር ሳይክል ላይ አንድ የመጨረሻ ብልሃት አለ። ታንኩ ፍሬሙን እንደ ኮርቻ ግራና ቀኝ ስለሚያቅፍ፣ መክፈቻ በሌለበት ጎን ጥቂት ነዳጅ ተደብቆ ይቀራል። ሞተሩን ወደ መክፈቻው ጎን ጋደል ብናደርገው ያ ነዳጅ ይሻገርና ጥቂት ያስኬደናል። ይህ ግን ለባለ አራት ጎማው አይሆንም፤ ከባድ ስለሆነ በሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በጀሪካን ስለሚያዝ ነዳጅ

ሩቅ ለሚሄድ ሠራተኛ ከመጠባበቂያው ይልቅ በጀሪካን የተያዘ ነዳጅ የተሻለ መተማመኛ ነው፤ አያያዙ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጀሪካኑ ለነዳጅ የተሠራ ይሁን። የዘይት ወይም የውኃ ጀሪካን አይሁን። ቤንዚን በውኃ ጠርሙስ ማስቀመጥም ሕፃናትን ሊገድል ይችላል።

ጀሪካኑን እስከ አፉ መሙላት አይገባም። ቤንዚን ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ 1 በመቶ ያህል ያድጋል። በጧት ብርድ ከደጋው 20 ሊትር ሞልቶ ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ሰው፣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር ነዳጁ በ4 ዴሲ ሊትር ያህል ያብጣል። ክዳኑም ቀስ ተብሎ ይከፈት።

ነዳጁ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ጀሪካኑም ሲሞላ መሬት ላይ ተቀምጦ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ ተጉዞ ሩቅ ያለ ምድጃ ሊደርስ ይችላል። ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ለሚሠራ ሞተር፣ የጀሪካኑም ነዳጅ በልኩ መቀላቀል አለበት።

ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው ነዳጅ በአፍ ስቦ ማውጣት በየስፍራው የተለመደ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ጥቂት ጠብታ እንኳ ወደ ሳንባ ከገባ ብርቱ ሕመም ያስከትላል። የዋጠ ሰው ካለ፣ እንዲያስመልስ ማስገደድ ነዳጁን ወደ ሳንባው ሊመልሰው ስለሚችል፣ ሳይቆይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ጭነቱም በዝቅታና በመካከል ይታሰር። ከባለ አራት ጎማው በፊት በብዛት የወጣው ባለ ሦስት ጎማ ዓይነት፣ በመገልበጥ አደጋዎች ምክንያት ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአሜሪካ አዲሱ እንዳይሸጥ ተደርጓል። አራት ጎማ መሆኑ ነገሩን አሻሻለው እንጂ መገልበጥን አላስቀረውም። በላዩ ከፍ ብሎ የታሰረ 20 ሊትር ነዳጅ ደግሞ 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

በመጨረሻም

ለሥራው ከየአጥቢያው የሚላከው ገንዘብ ከፊሉ ነዳጅ ሆኖ በእነዚህ ታንኮች ውስጥ ይገባል። ሠራተኞች ይህን ስናስብ፣ ሊትሩን መቁጠር ንፍገት አይደለም፤ አደራ መጠበቅ ነው። አጥቢያዎችም አንድ ሠራተኛ «ዛሬ ነዳጄ አይመልሰኝምና ነገ ልምጣ» ቢል፣ እንደ ስንፍና እንዳይቆጠርበት እንለምናለን።

ከዚያ ክረምት ወዲህ በጣቢያችን አንድ ልማድ አለ። ነዳጅ የሞላ ሰው የታንኩን ክዳን ሲዘጋ፣ በዚያው እጁ መክፈቻውን ዳስሶ «ኦን ነው» ይላል፤ አጠገቡ ያለውም ይሰማል። የበረዶውን ሣጥን ተሸክሞ በእግሩ የሄደው ባልደረባችን በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ቀበሌ ተልኮ ነበር። እናቶቹ በ4 ሰዓት ተቀጥረው ሳለ፣ እርሱ በ3 ሰዓት ተኩል ደርሶ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።