ጠገራው ከመሸጡ በፊት ጠርዙን ይመልከቱ

በአሰላም ሆነ በሳጉሬና በቦቆጂ፣ ከእናት ወይም ከአያት የተረፈ ጠገራ ብር በሳጥን ጥግ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሊገኝ ይችላል። የልጆች ምዝገባ ሲደርስ ወይም ዓውደ ዓመት ሲቃረብ መታሰቡ አይቀርም። ይሁንና አንዱ ገዢ «ተጣሟል፣ ደብዝዟል» ብሎ ያጣጥልብዎታል። ሌላው ደግሞ በሞረድ የተፋቀውን ሳንቲም «የአመታት ስሕተት ያለበት ብርቅ ነው» ብሎ በውድ ሊሸጥልዎ ይሞክራል። ስለዚህ እመቤቴ፣ ጉድለቱ ከመምቻው ቤት ይሁን ከሰው እጅ መለየት ይገባዎታል።

ሳንቲም የሚሠራው እንዲህ ነው። በክብ የተቆረጠ ብረት ሥዕል በተቀረጸባቸው ሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባና በኃይል ይመታል። ብረቱ ቦታውን ሳይዝ ከተመታ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ በሌላው ጎን እንደ ጨረቃ የጎበጠ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሳይነሣ ሁለተኛ ከተመታም ፊደሉ ተደራርቦ ይታያል። አንደኛው ማኅተም ዞሮ ከነበረ፣ ሳንቲሙን ሲገለብጡት የጀርባው ሥዕል አዘንብሎ ያገኙታል፤ ይህን ግን ከሌላ መሰሉ ጋር ሳያስተያዩ አይፍረዱ።

የሰው እጅ የሚተወው ምልክት ሌላ ነው። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ ፊደሉን ያፈርሳል፤ ሞረድም ጭረቱን ይተዋል። በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ብር ደግሞ አስቀድሞ የሚለሰልሰው ከፍ ከፍ ባለው ቦታ፣ በንግሥቲቱ ጉንጭና ፀጉር ላይ ነው።

ስለ ንግሥቲቱ ከተነሣ፣ በማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ የተጻፈው 1780 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሞተችበት ዓመት እንጂ ብሩ የተመታበት ላይሆን ይችላል። ብሩ ከዚያም በኋላ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ዘመን በሮማም ጭምር በዚያው ዓመተ ምሕረት ተመትቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ በጠርዙም ዙሪያ ወጣ ወጣ ያሉ የላቲን ፊደላት አሉት። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም የመጋጠሚያ መስመር ከታየበት፣ ስሕተት ሳይሆን በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አስመስሎ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ስሕተት የሚመስል ግን ስሕተት ያልሆነም አለ። በምኒልክ ብር ላይ አንበሳው በአንዱ ግራ፣ በሌላው ቀኝ እግሩን ያነሣል፤ ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው። 1936 ዓ.ም የተጻፈበት የመዳብ 25 ሳንቲምም መጀመሪያ ክብ ነበር። በመጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተሸርፎ እንደገና ወጣ። ያንን «የተቆራረጠ» ብሎ ለሕፃናት መጫወቻ መስጠት የዋህነት ነው።

አንጥረኛ ዘንድ የሚሄዱ ከሆነ በፊትዎ ያስመዝኑ፤ ካቀለጠው በኋላ የሚቀረው የብር ዋጋው ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ በአመድና በሎሚ አይሹት፤ ያንን የቆየ መልኩን የሚፈልግ ሰብሳቢ አለና።