በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ቀላል ግጭት በደረሰ ጊዜ

በአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ ወገን የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ሕዝብ የበዛበት፥ ገበያውና መኖሪያው የተቀላቀለበት፥ መንገዱም ከጧት እስከ ማታ ዕረፍት የሌለው ስፍራ ነው። ወደ ጅማ የሚወርደው መንገድ በአየር ጤና ያልፋል፤ የቀለበቱም መንገድ ከአየር ጤና በጦር ኃይሎች አድርጎ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ይወጣል። በእነዚህ መንገዶች ላይ የጭነት ካሚዮን፥ የከተማ አውቶቡስ፥ ሚኒባስ ታክሲ፥ አህያና እግረኛ እየተጋፉ ሲሄዱ፥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ድምፁ የማይሰማ፥ ጭስም የማያወጣ አዲስ ዓይነት መኪና ተጨምሮባቸዋል።

ይህ የኤሌክትሪክ መኪና በአገራችን የተስፋፋው በአጋጣሚ አይደለም። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ እንዲሆኑ አደረገ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ገለጠ። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፥ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውም ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። መኪናው ግን ከሕጉና ከግድቡ ጋራ መጣ እንጂ፥ ከተጋጨ በኋላ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስረዳ ትምህርት አብሮት አልመጣም። ስለ ዋጋው፥ ስለ ቀለሙና አንድ ጊዜ ሞልቶ ስለሚሄደው መንገድ ርዝመት የማይነጋገር ሰው የለም፤ ከግጭት በኋላ ስላለው ነገር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ደረሰ እንበል። አንድ በመንግሥት ሥራ የሚተዳደር ሰው ማታ ከሥራው ወጥቶ በኤሌክትሪክ መኪናው ወደ ቤቴል ሲሄድ፥ ከፊቱ የነበረው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ይቆምበታል። ሰውዬው ፍሬን ቢይዝም ሚኒባሱን ከኋላ ይነካዋል፤ መሪውንም ወደ ቀኝ በመጠምዘዙ የመኪናው ሆድ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ይፍቃል። ማንም አልቆሰለም። የፊተኛው ፓራውልት ተሰንጥቋል፥ የኮፋኖው አፍንጫ ትንሽ ተነሥቷል። የሚኒባሱ ነጂ ወርዶ ያየውና «ጋሼ፥ ፓራውልት ብቻ ነው፤ ትራፊክ ጠርተን ከምንጉላላ ተስማምተን እንሂድ» ይላል። ባለመኪናውም «እውነትህን ነው ልጄ፥ እግዚአብሔር በዚህ አተረፈን» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ናቸው። ዳሩ ግን ሁለቱም ያዩት የመኪናውን ፊት ነው፤ ሆዱን ያየ የለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ሰው ነው። ይህ ለማንኛውም መኪና የተሠራ ሕግ ቢሆንም፥ በኤሌክትሪኩ ላይ የሚጨመር ነገር አለው። አንባቢ ምናልባት ይህን መኪና የትናንት ግኝት አድርጎ ያስበው ይሆናል፤ የሆነ ሆኖ በኒውዮርክ ከተማ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች የዛሬ 125 ዓመት ገደማ ይሠሩ ነበር። በመስከረም 1892 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899፥ ሄንሪ ብሊስ የተባለ ሰው ከሐዲድ መኪና ሲወርድ የገጨውና ለሞት ያበቃው እንደዚህ ያለ የኤሌክትሪክ ታክሲ ነበር። በአሜሪካ በሞተር መኪና ተገጭቶ በመሞት የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠራውም እርሱ ነው። ነጂው ተይዞ ተከሰሰ፤ ነገር ግን በክፋት ወይም በቸልተኝነት ያደረገው አይደለም ተብሎ ተለቀቀ።

የእኛ አገር ሰው ጆሮ ግን የተማረው ከጩኸት ነው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ ከመጣ ወዲህ፥ ከመቶ ዓመት በላይ ሕዝቡ መኪና መምጣቱን የሚያውቀው በሞተሩ ድምፅ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው 138ኛው የመኪና ደንብ የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያሰማ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። ከግጭት በኋላም ይኸው ጸጥታ ሌላ አደጋ ያመጣል፤ የቤንዚን መኪና ሞተሩ ከጠፋ መጥፋቱ ይታወቃል፥ ይህኛው ግን ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ ለመሄድ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ነጂው ደንግጦ ሳያጠፋው ቢወርድ፥ መኪናው ያለ ሞተር ጩኸት ተንቀሳቅሶ ፊቱ የቆመውን ሰው ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ማርሹን በማቆሚያው ላይ ማድረግ፥ የእጅ ፍሬን መያዝ፥ ፍሬቻዎቹን ሁሉ ማብራት፥ መኪናውን ፈጽሞ ማጥፋት፥ ቍልፉንም ከመኪናው አርቆ መያዝ ይገባል። በብዙዎቹ መኪናዎች ቍልፉ በኪስ ሆኖ በቅርብ ካለ መኪናው ይታዘዛልና፥ ኪስ ውስጥ ነው ብሎ መዘናጋት አይበቃም።

አሁን ወደ ሆዱ እንመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው በዚያ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በኮፋኖ ሥር እንዳለው እንደ ቀድሞው ትንሽ ባትሪ አይደለም። በመኪናው ወለል ሥር እንደ ሰፊ ሣጥን ተዘርግቶ፥ በውስጡ ብዙ ትናንሽ የሊቲየም ባትሪዎች ተሰድረውበታል። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ የብዙዎቹ መኪናዎች ባትሪ ወደ 400 ቮልት ይጠጋል፥ ወደ 800 የሚደርስም አለ። ይህን ኃይል የሚያመላልሱት ሽቦዎች ብርቱካናማ ቀለም የተሰጣቸው ማንም አይቶ እንዲርቃቸው ነው። መኪናው ብርቱ ግጭት በተሰማው ጊዜ ኤሌክትሪኩን ከባትሪው ላይ ራሱ ይቈርጣል፤ ነገር ግን ግጭቱ ቀላል ከሆነ ላይቈርጠው ይችላል። እንግዲህ ቀላል የተባለው ግጭት በዚህ በኩል ሲታይ ከከባዱ ይልቅ ተንኰለኛ ነው።

ሣጥኑ በድንጋይ ተመትቶ አንዷ ባትሪ ከተጐዳች፥ በውስጧ ያለው ኃይል ራሱን በራሱ ማሞቅ ይጀምራል፤ እርሷ ጎረቤቷን፥ ጎረቤቷም ሌላዋን እያጋለች እሳቱ ከውስጥ ይነሣል። ይህም የግድ በዚያው ሰዓት አይደለም። በግንቦት 2003 ዓ.ም. የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የሚሠራ ሼቭሮሌ ቮልት የተባለ መኪና ለሙከራ ብሎ ጎኑን ከምሰሶ ጋራ አጋጨው። መኪናው ከተጋጨ በኋላ በግቢ ቆሞ ሳለ፥ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ተቃጠለ፤ በአጠገቡ የቆሙትንም ጐዳ። በምርመራ እንደ ተገኘው ግጭቱ ባትሪውን ጐድቶት፥ የሚያቀዘቅዘውም ፈሳሽ ወደ ውስጥ ገብቶበት ነበር። ከዚህ በኋላ የተጐዳ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤትና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቆ እንዲቆም ያ መሥሪያ ቤት መከረ።

ይህ ሲነገር የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ ይልቅ እየደጋገመ ይቃጠላል የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስሕተት ነው። በስዊድን አገር የተሰበሰበው ቍጥር የሚያሳየው የቤንዚንና የናፍጣው እጅግ እንደሚበልጥ ነው። ልዩነቱ በብዛት ሳይሆን በጠባይ ነው። የቤንዚን እሳት ወዲያው ተነሥቶ ይታያል፥ አየር ሲከለክሉትም ይጠፋል። የሊቲየም እሳት ግን ተደብቆ ይቆያል፥ ጭሱ መርዝ ነው፥ ጠፋ ሲባል ተመልሶ ይነሣል፤ እርሱን ለማቀዝቀዝም እጅግ ብዙ ውሃ ያስፈልጋል።

መኪናውን ስለ መጎተትም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በአገራችን የቆመ መኪና በገመድ አስረው መጎተት የተለመደ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ ሲዞር ግን ሞተሩን ይዞ ስለሚዞር፥ ሞተሩም በበኩሉ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ፥ እንዲህ መጎተት የተረፈውን ማቃጠል ይሆናል። በካሚዮን ጀርባ ላይ ተጭኖ መሄድ አለበት። ክሪክም በተገኘው ቦታ አይገባበትም፤ ያልተፈቀደበት ስፍራ ላይ ያነሣው እንደ ሆነ ድንጋዩ የማረውን ሣጥን ክሪኩ ይወጋዋል።

ስለ ሕጉ ደግሞ፥ ሊቃውንቱ በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ስለ ተዋጊው በሬ ያስታውሳሉ። የአንዱ በሬ የሌላውን ቢገድል በሕይወት ያለው ተሸጦ ዋጋውን፥ የሞተውንም ጭምር እኩል እንዲካፈሉ፥ ባለቤቱ ግን ተዋጊነቱን እያወቀ ካልጠበቀው ሙሉውን እንዲከፍል ተደንግጓል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 2084 ስለ ሁለት መኪናዎች ግጭት የሚናገረው ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ሁለቱ መኪናዎች ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ተቈጥሮ ባለቤቶቹ ጉዳቱን እኩሌታ እኩሌታ ይሸከማሉ፤ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ነጂ ጥፋት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይህ ይቀራል። በቍጥር 2081 ደግሞ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቍጥር 799 የተጐዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ብዙ ሰው ግን በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ወረቀት አይቶ የገዛ መኪናውም የሚጠገንበት ይመስለዋል፤ ያ መድን ለሌላው ሰው ነው፥ የራስን መኪና የሚያስጠግን ሌላ ውል ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ሰዎች በመንገድ ዳር ሲስማሙ የሚያጡት ነገር በዚህ ይታወቃል። እርቅ የአገራችን መልካም ልማድ ነው፤ ለተሰነጠቀ ፓራውልት ፍርድ ቤት መቆምም ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳይታወቅ የሚደረግ እርቅ፥ እህሉ ሳይሰፈር ዕዳ እንደ መካፈል ነው። ባትሪው ከመኪናው ዋጋ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስድ ክፍል ስለ ሆነ፥ ነገ ተበላሽቶ ቢገኝ ባለመኪናው የፖሊስ ጽሑፍ የለው፥ የመድን ድርጅቱም የሚያምነው ማስረጃ የለው። ስለዚህ ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የቆሙበትን ቢለካና ቢጽፍ፥ ባለመኪናውም ሆዱ መፈቅፈቁን አስመዝግቦ ፎቶግራፍ ቢያነሣ፥ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ቢስማሙ የሚከለክላቸው የለም።

ለባለሥልጣኖችም የሚቀር ሥራ አለ። በየክፍለ ከተማው ያለው ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን ወደ ዳር አውጡት ብሎ ከማዘዙ በፊት የኤሌክትሪክ መሆኑን የሚለይበት ምልክት ቢሰጠው፥ የተያዙ መኪናዎች የሚቆሙበት ግቢም ለእነዚህ የተለየ ማዕዘን ቢኖረው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጋራዦቻችን ላሜራ ቀጥቅጠው ቀለም በመቀባት የታወቁ ናቸው፤ የባትሪ ሣጥን ግን በመዶሻ የሚቃና አይደለም፥ ይህን የሚመረምር መሣሪያና የተማረ እጅ ያለውን ጋራዥ ከሌለው የሚለይ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከቻይና ከመጡት መኪናዎች ብዙዎቹ ደግሞ የሚያስጠነቅቁት በቻይንኛ ነው። ባትሪው ተጐድቷል፥ ከመኪናው ውረዱ የሚል መልእክት በፊቱ ተጽፎ ሳለ፥ የኮልፌ ነጂ ማንበብ ሳይችል ወደ ቤቱ ቢነዳ በማን ይፈረዳል? መኪናው ሲገባ ጽሑፉ ወደ አማርኛ ወይም ቢያንስ ወደ እንግሊዝኛ እንዲለወጥ ማዘዝ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚከብድ አይመስልም።

ያ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ መኪናውን በካሚዮን አስጭኖ ወደ ቤቱ ግቢ አስገባው እንበል። መርማሪው ነገ ጧት እስኪመጣ፥ መኪናው ከማገዶው ክምርና ከቤቱ ግድግዳ ርቆ በግቢው ጫፍ ይቆማል። ዘበኛው «ጌታዬ፥ ሞተሩ የጠፋ መኪና ምኑ ይጠበቃል?» ሲል ይጠይቃል።

«ሲያፏጭ ወይም ሲንጣጣ ከሰማህ፥ ከሥሩም ጭስ ሲወጣ ካየህ፥ መጀመሪያ ቤተ ሰቡን ቀስቅሰህ አውጣ። ቀጥለህ ለእሳት አደጋ በ939 ደውል፥ የኤሌክትሪክ መኪና መሆኑንም ንገራቸው።»

«ውሃስ ላፍስበት?»

«ባልዲ ውሃ ምንም አይለውጠውም። አንተም ጭሱን እንዳትተነፍስ።»

ዘበኛውም ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቶ ወንበሩን ከበሩ ወዲያ ወዳለው ጥግ ያዞራል።