የትራንስፎርመር እርከን መቀየሪያና የእጅ መዘውሩ፤ ስለ ስያሜያቸው የቀረበ ሐሳብ

የሙያ ቃል የሚመዘነው ለጆሮ በሚሰጠው ጣዕም ብቻ አይደለም። ቃሉን የሰማ ሠራተኛ እጁን መቼ እንደሚዘረጋና መቼ እንደሚሰበስብ የሚነግረው መሆን ይገባዋል። ይህ በብዙ የሙያ ዘርፎች የአመቺነት ጉዳይ ነው፤ በኤሌክትሪክ ሥራ ግን የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ትራንስፎርመር የሚሰጠውን ቮልቴጅ ለማስተካከል የሚያገለግለውን፣ በሠራተኞች ዘንድ «ታፕ ቼንጀር» እየተባለ የሚጠራውን መሣሪያ፣ እንዲሁም ይህንኑ መሣሪያ በእጅ የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል ስያሜ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነንም የምዕራብ ሐረርጌን ከተሞች መርጠናል።

1. ነገሩ የሚታይበት ስፍራ

ከአዋሽ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው አውራ ጎዳና የአሰቦትንና የሚኤሶን ቆላ ካለፈ በኋላ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። በዚያም ጭሮን፣ ቀጥሎም ሒርናን አቋርጦ ይዘልቃል። ገለምሶና በደሳ ከዚሁ ጎዳና በስተደቡብ ይገኛሉ። ጭሮ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ባስተዳደሩበት ዘመን አሰበ ተፈሪ ተብላ የተቆረቆረችው ከተማ ናት። ዛሬም በቀድሞ ስሟ የሚጠራት ሰው አይታጣም። ሁለቱም ስሞች የሚያመለክቱት አንዲት ከተማን ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን የሰማ መንገደኛ መንገድ አይስትም። ጉዳት የሚመጣው የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ ማለትም አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሲያመለክት ነው። የያዝነው ጉዳይም ከዚህኛው ወገን ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ኤሌክትሪክ በከተሞችና በገጠር የሚከፋፈለው በአብዛኛው በ15 ሺህና በ33 ሺህ ቮልት መስመሮች ነው። የመስመሩ ርዝመት በጨመረ ቁጥር፣ በመስመሩ የሚያልፈው ጅረትም በበዛ ቁጥር፣ ቮልቴጁ በመንገድ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ እንደነዚህ ያሉ፣ በተራራ ጀርባ ላይ ተራርቀው የተደረደሩ ከተሞች ከመነሻው ጣቢያ በራቁ መጠን የሚደርሳቸው ቮልቴጅ ዝቅ ሊል ይችላል። ምሽት ላይ ምጣዱና መብራቱ በአንድነት ሲበራ አምፑሉ ይደበዝዛል፤ የወፍጮ ሞተር ለመነሣት ይቸገራል፤ ከተነሣም ከመጠን በላይ ይግላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ተጠቃሚው ሲተኛ ቮልቴጁ ተመልሶ ከፍ ይላል።

2. መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ

ትራንስፎርመር በብረት እምብርት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ዓይነት ጥምጥሞች አሉት። የሚሰጠው ቮልቴጅ በሁለቱ የዙር ብዛት ንጽጽር ይወሰናል። በከፍተኛው ቮልቴጅ በኩል ካለው ጥምጥም በተለያየ የዙር ቁጥር ላይ ጫፎች እንዲወጡ ይደረግና፣ ከነዚህ ጫፎች አንዱን እየመረጡ በማገናኘት ንጽጽሩን መለወጥ ይቻላል። በማከፋፈያ ትራንስፎርመር ላይ ብዙውን ጊዜ አምስት ጫፎች ይገኛሉ። መካከለኛው መደበኛው ሲሆን፣ ሁለቱ በላይ ሁለቱ በታች ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነትም 2.5 በመቶ ነው።

ከ15,000 ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር እንውሰድ። ለአንድ መብራት የሚደርሰው ቮልቴጅ 230 ነው። ወደ ከተማው የሚደርሰው 14,250 ቮልት ብቻ ቢሆንና መቀየሪያው በመካከለኛው ቁጥር 3 ላይ ቢቀመጥ፣ ቤት የሚገባው 218 ቮልት ያህል ይሆናል። መቀየሪያው ለ14,250 ቮልት ወደተመደበው ቁጥር 5 ቢዞር 230 ቮልት ይገኛል። ይሁን እንጂ ሌሊት መስመሩ ወደ 15,000 ሲመለስ፣ በቁጥር 5 ላይ የቀረው ትራንስፎርመር 242 ቮልት ይሰጣል። ይህ ዓይነቱ መቀየሪያ በየሰዓቱ የሚዞር ስላልሆነ የሚመረጠው ቁጥር የምሽቱንና የሌሊቱን ቮልቴጅ አመዛዝኖ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ወጥመድ አለ። «ከፍ አድርገው» የሚል ትእዛዝ የደረሰው ሠራተኛ ምኑን ነው ከፍ የሚያደርገው? የከፍተኛውን ጥምጥም ዙር ከጨመረ የሚወጣው ቮልቴጅ ይቀንሳል። በብዙ ሥሪቶች ብዙ ዙር ያለው ጫፍ ቁጥር 1 ነው። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ መቀየሪያው ለ15,750 ቮልት ወደተመደበው ቁጥር 1 ቢዞር፣ ቤት የሚገባው ወደ 208 ቮልት ይወርዳል፤ ድብዝዙ አምፑል ይብሱን ይደበዝዛል። በመሆኑም ትእዛዙ «ከፍ» ወይም «ዝቅ» ከሚል ይልቅ «ከቁጥር 3 ወደ ቁጥር 5» ቢል፣ ቁጥሩም በትራንስፎርመሩ የመለያ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር ቢመሳከር ስሕተት አይኖርም።

3. አንድ ስም፣ ሁለት መሣሪያ

«ታፕ ቼንጀር» የሚባሉት መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው በየሠፈሩ በምሰሶ ላይ ወይም በመሬት ላይ በሚተከሉት ማከፋፈያ ትራንስፎርመሮች ላይ የሚገኘው ነው። በክዳኑ ወይም በጎኑ ላይ ትንሽ መዘውር ወይም እጀታ አለው። መዘውሩ ዘይት በማያስወጣ ጉርኒዞን ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ያዞራል፤ ዘንጉም በዘይቱ ውስጥ ያለውን ንክኪ ከጫፍ ወደ ጫፍ ይወስዳል። በየቁጥሩ ላይ መቀርቀሪያ ይገባል። ይህ መሣሪያ ጅረትን ለማቋረጥ የሚያስችል ብልሃት የለውም። ስለዚህ የሚዞረው ትራንስፎርመሩ በከፍተኛውም በዝቅተኛውም ቮልቴጅ በኩል ከመስመር ተለይቶ፣ ኃይል አለመኖሩ በመሣሪያ ተረጋግጦና ከመሬት ጋር ተያይዞ ብቻ ነው። በዝቅተኛው በኩል መለየቱም አይዘነጋ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ በአንድ ሱቅ የተነሣ ጄኔሬተር በአግባቡ ካልተለየ ኃይሉ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊያመነጭ ይችላል።

ሁለተኛው በትልልቅ ጣቢያዎች የሚገኘው፣ ትራንስፎርመሩ ኃይል እየሰጠ ሳለ የሚቀየረው ነው። አንዱን ጫፍ ከመልቀቁ በፊት ሌላውን የሚይዝ ሲሆን፣ በመሸጋገሪያው ቅጽበት በሁለቱ ጫፎች መካከል የሚዞረውን ጅረት የሚገቱ ተከላካዮች አሉት። ለዚህ አሠራር መሠረት የሆነውን ፈጠራ ጀርመናዊው መሐንዲስ ቤርንሃርድ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1927 በባለቤትነት አስመዘገበ። የሚያንቀሳቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞተር ነው፤ ሆኖም ለጥገና ወይም የሞተሩ ኃይል ሲቋረጥ እንዲያገለግል የሚሰካ የእጅ መዘውር አለው። መዘውሩ ሲሰካ ሞተሩ በድንገት ተነሥቶ የሠራተኛውን እጅ እንዳይሰብር የሞተሩ ዑደት ይቋረጣል። አንዱን እርከን ለማለፍ ብዙ ዙር ያስፈልጋል። የተጀመረው እርምጃ እስኪፈጸምም መዘውሩን በመካከል መተው አይገባም። የመጨረሻውን ቅጽበታዊ ዝላይ የሚፈጽመው ግን እጅ ሳይሆን ኃይል ያጠራቀመ ጥቅል ሞላ ነው።

እንግዲህ በአንዱ ላይ የተፈቀደው በሌላው ላይ ገዳይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ኃይል እያለው ቢዞር፣ ንክኪው ከጫፉ ሲላቀቅ በዘይቱ ውስጥ የእሳት ቅስት ይፈጠራል፤ ዘይቱ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋንም ሊፈነዳ ይችላል። መዘውሩን የጨበጠው ሰው ደግሞ ከጋኑ አጠገብ ነው።

4. «ያለ ጭነት» የተሰኘው ስያሜ ለምን እንደማይስማማን

በእንግሊዝኛው የሙያ አነጋገር የመጀመሪያው ዓይነት ለብዙ ዘመን «ኦፍ ሎድ» ሲባል ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በደረጃው የሚጠቀምበት ስያሜ ግን «ዲኤነርጃይዝድ» የሚል፣ ትርጉሙም «ኃይል የተቋረጠበት» ማለት ነው። ለውጡ የቃል ጨዋታ አይደለም። «ኦፍ ሎድ» በቀጥታ ሲተረጎም «ያለ ጭነት» ይሆናል። ጭነት የሌለው ትራንስፎርመር ግን ኃይል የሌለው ትራንስፎርመር አይደለም።

እስቲ ይህን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በጭሮ አንድ ወፍጮ ቤት ብቻውን የሚገለገልበት ትራንስፎርመር አለ እንበል። ቀትር ላይ ወፍጮው ቆሟል፤ ማብሪያው ተዘግቷል። መመሪያው «ያለ ጭነት አዙር» ይላል። ሠራተኛው ጭነት እንደሌለ በዓይኑ አይቷል፤ መመሪያውንም አልጣሰም። ከፍተኛው ጥምጥም ግን አሁንም 15,000 ቮልት ተሸክሟል፤ በሁለት ጎረቤት ጫፎች መካከል ብቻ 375 ቮልት አለ። ይህ ሰው ቢጎዳ ጥፋቱ የቃሉ እንጂ የእርሱ አይደለም።

5. የቀረበው ስያሜ

ስያሜ ሲመረጥ መጀመሪያ በአማርኛ ውስጥ ያለውን መፈለግ፣ ካልተገኘም ወደ ግዕዝና ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መመልከት፣ በመጨረሻም ባዕዱን ቃል መዋስ ተገቢ እንደሆነ እናምናለን። «ታፕ» በእንግሊዝኛ የበርሜልና የውኃ መቅጃን ይሰይማል፤ የጀርመንኛው «አንዛፕፉንግ»ም የመጣው ከዚሁ ከበርሜል መቅዳት ሐሳብ ነው። የፈረንሳይኛው «ፕሪዝ» በበኩሉ መያዝን ወይም መውሰድን ያመለክታል። ቃሉን «ቧንቧ» ብሎ መተርጎም አንባቢን ከማሳሳት በቀር ፋይዳ የለውም።

እኛ የመረጥነው «እርከን»ን ነው። በሐረርጌ ተራሮች ገበሬው አፈሩ በዝናብ እንዳይታጠብበት የሚሠራው እርከን የታወቀ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛም የደመወዝ እርከኑን ያውቃል። በሁለቱም ትርጉም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታለፈው በተለካ ደረጃ ነው። ለማዞሪያው «መዘውር»ን መርጠናል፤ ዘወረ ከሚለው ግሥ የወጣና ሥራውን ራሱ የሚናገር ነውና። «ጉርኒዞን»ን ግን እንዳለ ተቀብለነዋል። እንደ ካቻቢቴና እንደ ኩሽኔታ ከጣሊያንኛ መጥቶ በየጋራዡ ስለተለመደ እርሱን መንቀል ትርፍ የለውም።

እርከን፦ የትራንስፎርመርን የዙር ንጽጽር ለመለወጥ ከጥምጥሙ ከወጡት ጫፎች አንዱ።

እርከን መቀየሪያ፦ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያሻግር መሣሪያ፤ የወል ስም ስለሆነ በመመሪያ ላይ ብቻውን አይጻፍም።

ኃይል ተቋርጦ እርከን መቀየሪያ፦ ትራንስፎርመሩ ከመስመር ፈጽሞ ሲለይ ብቻ የሚዞር።

በጭነት ላይ እርከን መቀየሪያ፦ ትራንስፎርመሩ ኃይል እየሰጠ ሳለ እንዲቀየር ተደርጎ የተሠራ።

የእጅ ማንቀሳቀሻ፦ መዘውሩን፣ ዘንጉን፣ መቀርቀሪያውንና የእርከን አመልካቹን የሚያጠቃልለው ክፍል በሙሉ።

የእጅ መዘውር፦ በእጅ ተጨብጦ የሚዞረው ተሽከርካሪ አካል።

መቀርቀሪያ፦ መዘውሩ ከተመረጠው እርከን እንዳይንሸራተት የሚይዝ።

የእርከን አመልካች፦ መቀየሪያው በየትኛው ቁጥር ላይ እንዳለ የሚያሳይ።

«ኃይል ተቋርጦ» የሚለው ሐረግ ረዘም ያለ እንደሆነ አይጠፋንም። ነገር ግን የጥንቃቄውን ትእዛዝ በስሙ ውስጥ ተሸክሞ ስለሚሄድ፣ መመሪያውን ያላነበበ ሠራተኛ እንኳ ስሙን ሲጠራ ትእዛዙን ይጠራል። በጭሮና በአካባቢው ከተሞች ሠራተኛው አማርኛና ኦሮምኛ አቀላቅሎ ስለሚሠራም፣ ይህ ልዩነት በኦሮምኛው ስያሜ ውስጥ እንደዚሁ እንዲጠበቅ የቋንቋው ሊቃውንት ያስቡበት ዘንድ እንጠይቃለን። በመዘውሩ አጠገብ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ነገር ማለት አለበት። በሙያው ላይ የተሰማሩ አንባብያን ከዚህ የተሻለ ቃል በእጃቸው ካለ ቢያቀብሉን በደስታ እንቀበላለን፤ መዘውሩን የሚጨብጡት እነርሱ ናቸውና።