ሪህና መንስኤዎቹ፤ ከዘር የሚወረሰውና ከውሃ የሚመጣው

በአዳማ (ናዝሬት)፣ በወንጂ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (ዝዋይ) ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመሙን «ሪህ» ብሎ ይጠራዋል፤ ጎረቤቱም «ሥጋ ተው» ብሎ ይመክረዋል። ይህ ምክር ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ይጠቅማል፤ ለሌላው ግን እውነተኛውን መንስኤ ሸፍኖ ጊዜውን ያጠፋበታል። «ሪህ» የሚለው ስም ልዩ ልዩ የመገጣጠሚያ ሕመሞችን በአንድነት የሚያቅፍ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሐኪሞች «ጋውት» የሚሉትን ሪህ እንመረምራለን፤ ቀጥሎም በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከእርሱ ጋር የሚምታታውን ሌላ ሕመም እንለያለን።

ሰውነታችን ያረጁ ሕዋሶችን ሲያፈርስና ምግብ ሲፈጭ ፒዩሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ፤ የእነርሱም የመጨረሻ ዝቃጭ ዩሪክ አሲድ ነው። ላምንና አይጥን የመሳሰሉ አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪኬዝ በሚባል ኤንዛይም አማካይነት ይህን አሲድ በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጡታል። በሰው ዘር ግን ኤንዛይሙን የሚሠራው ጂን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ተበላሽቷል። ስለዚህ ለሪህ የሚያጋልጠው የመጀመሪያው ውርስ የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ውርስ ነው።

ከዩሪክ አሲዱ ሁለት ሦስተኛው ያህል በኩላሊት፣ ቀሪው በአንጀት በኩል ይወጣል። ይሁን እንጂ ኩላሊት ካጣራው ውስጥ 90 በመቶ ያህሉን መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። መጠኑ በአንድ ዴሲሊትር ደም ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ፣ አሲዱ እንደ መርፌ የሾለ ክሪስታል ሆኖ በመገጣጠሚያዎች፣ በተለይም በእግር አውራ ጣት ላይ ሊከማች ይችላል። መጠኑ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ግን ይታመማል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ማካርቲና ሆላንደር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እነዚህን ክሪስታሎች በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ለይተው አሳዩ። ዛሬም ከመገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ክሪስታሉን ማየት ዋነኛው የሪህ ማረጋገጫ ነው።

እንግዲህ አንዱ ሰው አሲዱን በደንብ ሲያስወግድ ሌላው የሚያከማቸው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በአብዛኛው በኩላሊትና በአንጀት ውስጥ እንደ በር ሆነው አሲዱን የሚያስወጡትንና የሚያስገቡትን ፕሮቲኖች በሚሠሩት ጂኖች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች አሲዱን ወደ ደም የሚመልሰውን «ዩራት 1» የተባለ በር አገኙ። በ2008 የታተሙ ጥናቶች ደግሞ «ኤስ ኤል ሲ 2 ኤ 9» የተባለው ጂን፣ ቀድሞ የስኳር ማጓጓዣ ይሠራል ተብሎ ይታሰብ የነበረው፣ ዋና የዩሪክ አሲድ ማጓጓዣ መሆኑን አስረዱ። በ2019 ከ457,000 በላይ ሰዎችን ያጠቃለለ ጥናት ከአሲዱ መጠን ጋር የተያያዙ 183 የጂን ሥፍራዎችን ዘረዘረ።

እነዚህ ልዩነቶች በሕዝቦች መካከል በእኩል አልተሠራጩም። «ኤ ቢ ሲ ጂ 2» የተባለው ጂን አሲዱን የሚያስወጣ በር ይሠራል፤ በሩን የሚያደክመው የታወቀ ለውጥ በምሥራቅ እስያ ሕዝቦች ዘንድ በብዛት፣ በኤውሮፓውያን ዘንድ በመጠኑ፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ደግሞ በጥቂቱ ይገኛል። የኒውዚላንድ ማኦሪዎችና ሌሎች የፓሲፊክ ደሴቶች ሕዝቦች በዓለም ላይ ሪህ ከሚበዛባቸው መካከል ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ለሌላ ሕዝብ የተዘጋጀ የጂን ሠንጠረዥ ለኢትዮጵያዊ በቀጥታ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ነው።

ምግብስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በሚኖሩ የኤውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የአሲድ መጠን ልዩነት እያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ከ1 በመቶ በታች ሲያስረዳ፣ የጂኖች ድርሻ 24 በመቶ ያህል ነበር። ይህ ማለት ግን ክትፎና ቢራ ምንም አያደርጉም ማለት አይደለም፤ በውርስ ለተጋለጠ ሰው ሕመሙን ሊቀሰቅሱበት ይችላሉ። ብዙ ስኳር ያለበት መጠጥም በጉበት ውስጥ ሲፈጭ ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። በአንጻሩ ምስርና ሽሮ ፒዩሪን ቢኖራቸውም እንደ ሥጋ ለሪህ እንደማያጋልጡ ታውቋልና፣ ጿሚ ሰው ሊፈራቸው አይገባም።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ እንመለስ። በዚህ ምድር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ በዛና የከርሰ ምድሩ ውሃ ካልሲየም ስላነሰው፣ ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ በብዛት ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ አካባቢ አንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 በላይ ተገኝቶባቸዋል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ብዙ ሠራተኞች ከሩቅ አገር መጥተው ሠፈሩ፤ የጉድጓዱንም ውሃ ለዓመታት ጠጡ። ከእነርሱም መካከል አጥንታቸው የደነደነ፣ አንገታቸውና ወገባቸው አልታጠፍ ያለ፣ እስከ ሽባነትም የደረሱ ተገኙ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን የፍሎራይድ በሽታ በ1980ዎቹ በሰፊው አጥንተው አሳትመዋል።

ሁለቱን ሕመሞች ለመለየት ጥቂት ምልክቶች ይረዳሉ። ሪህ ድንገት ይነሣል፤ አንዱን መገጣጠሚያ አቅልቶ ያሳብጣል፤ በቀናት ውስጥም ይበርዳል። የፍሎራይድ ሕመም ግን በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል፤ አከርካሪን ያግራል፤ ተመልሶም አይለቅም። ጥርስ በልጅነት ስለሚሠራ፣ በዚያው ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ጎልምሶ የመጣው ሠራተኛ ግን ጥርሱ ነጭ ሆኖ አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ጥርስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የአጥንት ራጅና የውሃ ምርመራ ያስፈልጋል።

በተለይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አባትና ልጅ በአንድ ዓይነት ሕመም ሲያዙ «የዘር ነው» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን አባትና ልጅ ከጂን ሌላ ጉድጓድም ይጋራሉ። ሕመሙ ከጋብቻ በኋላ በመጣችው ሚስትና በጎረቤትም ላይ ከታየ፣ ጥርጣሬያችን ወደ ውሃው መዞር አለበት። በውርስ የመጣውን ሪህ ሐኪም የዩሪክ አሲድን በሚቀንስ መድኃኒት ይቆጣጠረዋል። ለፍሎራይድ ግን መፍትሔው ውሃውን መለወጥ ወይም በአጥንት ከሰልና በመሳሰሉት ማጣራት ነው፤ ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑን ያበዛዋል። የውሃን ጥፋት በዘር ላይ የጫነ ሰው ልጆቹን ከዚያው ጉድጓድ ማጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች «ከቤተ ሰብህ ማን ታሟል?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው?» የሚለውን ጥያቄ አብረው እንዲጠይቁ እናሳስባለን።