ተጨማሪ መረጃ፦ አንድ ጊዜ ብቻ የተከፈለ የትርፍ ድርሻ

ኩባንያ ካተረፈው ላይ ለባለአክሲዮኖች የሚያከፋፍለው ገንዘብ የትርፍ ድርሻ እንደሚባል በዚህ ምዕራፍ ተምራችኋል። ሳይከፋፈል ድርጅቱ ውስጥ የሚቀረው ደግሞ ያልተከፋፈለ ትርፍ ይባላል። ስሙ ሲሰማ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ብር ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ወደ ማሽን፣ ወደ ሸቀጥ ወይም ወደ አዲስ ቅርንጫፍ ተቀይሯል።

የአሜሪካው በርክሻየር ሃታዌይ በዋረን በፌት የአመራር ዘመን የትርፍ ድርሻ የከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ያውም በአክሲዮን 10 ሳንቲም። በ1972 ሲስ የተባለውን የካሊፎርኒያ ቸኮሌት አምራች በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሲስ እስከ 2007 ድረስ ከግብር በፊት በድምሩ 1.35 ቢሊዮን ዶላር ሲያስገባ፣ ለራሱ ማስፋፊያ የፈለገው 32 ሚሊዮን ብቻ ነበር። የተረፈው፣ ግብሩ ተከፍሎ፣ ሌሎች ድርጅቶች ተገዙበት። ትርፍ የግድ ወደተገኘበት ሥራ መመለስ እንደሌለበት ልብ በሉ። ቸኮሌት የሚገዛው ሰው ካልጨመረ፣ ፋብሪካውን ማስፋት ገንዘብ ማባከን ነው።

በአገራችን ባንኮች ዘንድ ግን ትርፍን የማከፋፈል ወይም የማስቀረት ምርጫው ሙሉ በሙሉ በእጃቸው አይደለም። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ መጠባበቂያቸው ካፒታላቸውን እስኪያህል ድረስ፣ ከዓመታዊ የተጣራ ትርፋቸው 25 በመቶውን በሕጋዊ መጠባበቂያነት እንዲይዙ ያዛል።

የአንድ ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ፈልጉና «ሕጋዊ መጠባበቂያ» የሚለውን መስመር አግኙ። ካለፈው ዓመት በስንት ጨመረ? ጭማሪውን ለዓመቱ የተጣራ ትርፍ አካፍላችሁ ወደ 25 በመቶ መቅረቡን አረጋግጡ።