የጥይት መሙያ ፕሬስ አልገጥም ሲል

በአሜሪካ የዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ጋራዥ ውስጥ ከወፍራም ጠረጴዛ ጋር በቡሎን የታሰረ፣ ረጅም እጀታ ያለው ፕሬስ ብዙ ጊዜ ይታያል። ባለቤቶቹ የተተኮሰ የናስ ቀለሃ እየለቀሙ በዚህ መሣሪያ መልሰው ጥይት ያደርጉታል።

ፈጣኑ ዓይነት ቀለሃዎቹን በሚዞር ሳህን ላይ ይደረድራል። እጀታው ሲጎተት ሳህኑ ከፍ ይልና እያንዳንዱ ቀለሃ ከበላዩ ወዳለው፣ ዳይ ወደሚባል የብረት ቱቦ ይገባል። አንዱ ዳይ የተቃጠለውን ካፕሱል (የባሩዱን ማቀጣጠያ) አውጥቶ ቀለሃውን ወደ ልኩ ይመልሳል፤ ሌላው ጋ ባሩድ ይገባል፤ ቀጥሎ አረሩ ይተከላል፣ አፉም ይጠብቃል። ሳህኑ በጥቂቱ እንኳ ከመስመር ከወጣ የቀለሃው አፍ የዳዩን ጠርዝ ይመታና ይጨራመታል፤ አዲሱ ካፕሱልም በጎኑ ሊገባ ይችላል።

እጀታው ከከበደ በጉልበት መግፋት አይገባም፤ ካፕሱል ሲጨፈለቅ ሊፈነዳ ይችላል። ባሩዱና ካፕሱሉ ከመሣሪያው ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይነሱ ፍተሻ አይጀመርም።

ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ዳዮቹን መፍታት ይቀናዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ሳህኑን አንስቶ ሥሩን መጥረግ ይሻላል እላለሁ፤ የፈሰሰች አንዲት የባሩድ ፍሬ ሳህኑን ለማጋደል ትበቃለች። ቀጥሎ የመሃሉ ቡሎን አለ፦ ከላላ ሳህኑ ይወዛወዛል፣ ከጠበቀ እየተንገጫገጨ ይዞራል።

ከዚያ አንድ ባዶ ቀለሃ በየቦታው እያስገቡ እጀታውን በዝግታ መሳብ ነው። ቀለሃው በሁሉም ቦታ ወደ አንድ አቅጣጫ እየዞረ የሚስት ከሆነ ችግሩ ከሳህኑ አዟዟር ነው። በሆርናዲ ሎክ-ኤን-ሎድ ፕሬስ ሳህኑ እኩሌታውን እጀታው ሲወርድ፣ እኩሌታውን ሲመለስ ይዞራል፤ የሚገፉትም ሁለት ጥፍሮች ናቸው። የትኛው ጉዞ ላይ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደሚቆም ከታየ የዚያኛው ጥፍር ቡሎን በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንዳጠፋ ማወቂያ የለውም። ዲሎን 550 የተባለው ፕሬስ ሳህን ግን በእጅ ስለሚዞር ይህ ጣጣ የለበትም፤ እዚያ የሚታየው ሳህኑን በቦታው የምትይዘው ኳስና ስፕሪንግ ናት።

አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የሚስተው የዚያ ዳይ ዳዶ ይላላል። ልኩን የያዘ ቀለሃ ዳዩ ውስጥ እስከ መጨረሻው ይገባና እዚያው እንዳለ ዳዶው ይጠብቃል፤ ዳዩ መሃሉን ከቀለሃው ይወስዳል።

የካፕሱል ማውጫው መርፌ ተሰበረ ማለት ግን ሁልጊዜ ፕሬሱ ተዛብቷል ማለት አይደለም። በቦክሰር ቀለሃ ቂጥ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ በበርዳን ዓይነት ግን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከመሃል ወጣ ብለው ይገኛሉ፣ መርፌውም ብረት ይመታል። የሚገርመው በርዳን አሜሪካዊ፣ ቦክሰር እንግሊዛዊ ነበሩ፤ አሜሪካውያን የያዙት ግን የእንግሊዛዊውን ነው። ስለዚህ ከተለያየ ቦታ የተለቀመ ቀለሃ ፕሬሱ ላይ ከመውጣቱ በፊት ውስጡን በባትሪ እያበሩ መለየት ነው።